ያቃናኋቸው ዓይኖች

ሰኞ፣ በ6

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞችን ቀጠሮ ልይዝበት ነበር። ቀጠሮ የሚይዝ ደንበኛ ስለጠፋ የቤቴን ጉዳይ ልጽፍበት ነው።

እራት ላይ ሚስቴን ስለ አንድ ደንበኛ አጫወትኳት። ሰውየው ለጉርድ ፎቶ ተቀምጦ ፍላሹ በበራ ቁጥር ያስነጥሰዋል። አስራ አንድ ጊዜ አነሳሁት፤ አስራ አንዱም ላይ አፉ በሰፊው ተከፍቷል። በመጨረሻ «በቃ አንዱን ምረጥልኝ፣ መቼም የማስነጥሰው እኔ ነኝ» ብሎኝ ሄደ። ድሮ ቢሆን ሚስቴ እንዲህ ያለውን ወሬ ሳልጨርሰው ጠረጴዛውን እየደበደበች ትንፋሽ እስኪያጥራት ትስቅ ነበር። ዛሬ ቀና ብላ አየችኝና ከንፈሯን ወደ አንድ ጎን ሸሸት አደረገችው። ዓይኖቿ ግማሽ ድረስ ተከደኑ።

«አላሳቀሽም?» አልኳት።

«ስቄያለሁ እኮ» አለችኝ፤ ምግቧን ግማሽ ላይ ትታ ተነሳች።

ስቄያለሁ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቅን ከሽሙጥ እለያለሁ።

ማክሰኞ፣ በ7

የተማሪዎች ጉርድ ፎቶ፣ መቶ ሃያ። ምሳ አልበላሁም። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለና «ዛሬ ጠዋት ሚስትህ ፌርማታው ላይ ስትስቅ እኔ ሱቅ ድረስ ተሰማኝ። ምን ነግረሃት ነው?» አለኝ። ምንም አልነገርኳትም። እሷ ስትወጣ እኔ ገና ተኝቼ ነው። እኔ የማታ ሰው ነኝ።

ማን አሳቃት?

ሐሙስ፣ በ9

በስቱዲዮዬ የፊት መስታወት ውስጥ ትልቅ ሆና የተሰቀለችው ሴት ሚስቴ ናት። ያነሳኋት ከአራት ዓመት በፊት ነው። መብራት ስፈትሽ ሁልጊዜ በርጩማው ላይ የማስቀምጠው እሷን ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ሳይኖራት፣ በሥራ ቀንም ማታ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። አንድ ቀን ፈተናው አምሮ ወጣና አሳድጌ ሰቀልኩት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያታል። ሁለት ሙሽሮች «እንደዚህች አድርገህ አንሳን» ብለው ገብተዋል፤ ሙሽሪት ትንሽ ቅር ብሏት ነበር።

በር ስከፍት «እንደምን አደርሽ መምህርት» እላታለሁ። ትስቅልኛለች። ዓይኖቿ ወለል ብለው የተከፈቱ ናቸው።

ቤት ያለችው ግን ስናገር ዓይኗን ትከድንብኛለች። ሰው የሚናፍቀው የሄደውን፣ የራቀውን ነው። እኔ አንድ ጣራ ስር ያለችው ሚስቴ ትናፍቀኛለች። ይህን ለማን ይነግሩታል? ለፀጉር አስተካካዩ ብነግረው በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ተላጭቶ ይስቅብኝ ነበር።

እሁድ፣ በ12

ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች። ስትነሳ ሌላ ሰው ሆና ተነሳች። በረንዳው ላይ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ጌታው፣ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው፤ ከጠዋት ጀምሮ እንደዚህ ነው የዋልከው?» ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋ ሙሉ ነበር። ኮሌታዬን በእጇ አስተካከለችልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ከዚያ የታጠበውን ልብስ ማውረድ ጀመረች። ሦስተኛው አንሶላ ላይ ክንዷን ጣል አድርጋ «ጨርስልኝ» አለችና ገባች። ተከትያት ስገባ ዓይኖቿ ተከድነው ነበር። አወራኋት፣ መለሰችልኝ፤ ግን አላየችኝም። ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ መጥታልኝ ሄደች።

ማክሰኞ፣ በ14

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት። ርዕሰ መምህሩ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ሲገባ ልጆቹ እያነበቡ እሷን ወንበር ላይ ዓይኗን ጨፍና አገኛት። አንደኛ ክፍል ነው የምታስተምረው፤ ልጆቹ «እንቅልፎ» የሚል ስም አውጥተውላታል አሉ።

«አልተኛሁም እኮ» አለችኝ። «ሲያነቡ እያንዳንዷን ቃል እሰማ ነበር። የተኛው ዓይኔ ነው፤ እኔ አልተኛሁም።»

ምን ማለት ነበረብኝ? «አይዞሽ» ማለት ነበረብኝ። «እኔም ጋ ማታ ማታ እንደዚያው ነሽ» አልኳት። ከአፌ እንደወጣ ልመልሰው ፈለግሁ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

አፌ በአንድ ቀን የሚያፈርሰውን በወር አልገነባውም።

አርብ፣ በ17

ለአዲሱ የሠራተኛ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋታል። ከሥራ ስትመለስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ስቱዲዮ መጣች።

«ቀና በይ» አልኳት። አገጯን ወደ ላይ አነሳች። «ዓይንሽን ክፈቺ።»

«ከፍቻለሁ።»

ቅንድቧን እስከ ግንባሯ ሰቅላ፣ ግንባሯ ተሸብሽቦ ነበር። የግራ ዓይኗ ቆብ ግን ብሌኗን ግማሽ ሸፍኖ አልነሳ አለ። ቀኝም የሚከተለው ይመስላል። ስድስት አነሳሁ። ስድስተኛው ላይ ከመጀመሪያው የባሰ ወደቀ።

እሷን ወደ ቤት ልኬ ኤዲት አደረግኩት። ለእኔ ከባድ ሥራ አይደለም፤ በጠዋት ካነሳኋት ፎቶ ላይ የተከፈተውን ዓይን እቆርጥና በማታው ላይ እለጥፋለሁ፣ ጠርዙን አለሰልሳለሁ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል እንደዚህ ሳደርግላት። ለእሷ ብቻም አይደለም። የተጣመመ ክራባት አቃናለሁ፣ ጠባሳ አጠፋለሁ፣ የከዳ ፀጉር እመልሳለሁ። ሰው ለፎቶ የሚከፍለው በመስታወት ስለሚያየው ፊት አይደለም።

ቤት ወስጄ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ ያዘችው።

«ይቺ ደህና ናት» አለች። «ምነው እኔን እንደዚህ አልሰማኝ?»

ሰኞ፣ በ20

የማላደርገውን አደረግኩ። ማልጄ ተነሳሁ። ከወጣች በኋላ ተከትዬ ፀጉር አስተካካዩ በር አጠገብ ቆምኩ። ፌርማታው ላይ ከትምህርት ቤቷ የሒሳብ መምህር ጋር ነበረች። ረጅም ሰው ነው፣ ቦርሳው በጀርባው። አንድ ነገር እያወራችው በእጇ ታስመስላለች፤ እሱ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። ዓይኖቿ ልክ እንደ መስታወቷ ሴት ወለል ብለው ተከፍተዋል።

ለእሱ ተከፍተዋል!

ሳልታያቸው ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሳነሳ «ፈገግ በሉ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። አንዲት እናት «ምነው ልጄን የምታስለቅሰው?» ብላ ተቆጣችኝ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

ማክሰኞ፣ በ21

ትምህርት ቤቱ የሕክምና ወረቀት አምጪ ብሏታል። ጠዋት በሁለት ሰዓት ክሊኒክ አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ አይቸኩልም። በባትሪ አየ፤ ጣቱን ተከተይ አላት። ተከተለች። ዓይኗ ላይ ምንም አልነበረም፤ እንደ ጠዋት ጤዛ ንጹሕ ናት።

«አሁን የወደቀ ነገር አላይም» አላት። «መቼ እንደጀመረ እንዳውቅ የድሮም የቅርብም ፎቶዎች ካሏችሁ አምጡልኝ።»

«ባሌ ፎቶ አንሺ ነው» አለች ደስ ብሏት። «እሱ ጋ ያልተነሳሁት ቀን የለም።»

ሐሙስ፣ በ23

የሷን ፎቶዎች የያዘውን አልበም ወሰድን። ሐኪሙ ገጽ በገጽ አገላበጠ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለቱም ዓይኖች ቀጥ ያሉ፣ እኩል፣ የሚያምሩ። የባለፈውንም ጉርድ ፎቶ አየ።

«ባለፈው ሳምንት የተነሳው ነው?»

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ የዓይን ቆብ መውደቅ የለም» አለ። «ድካም ነው። ሥራሽን ቀነስ አድርጊ፣ በደንብ ተኚ።» ቪታሚን ጻፈላት። ወረቀቱ ላይ «በምርመራ የተገኘ ሕመም የለም» ይላል።

አልዋሸሁም። ፎቶ አምጣ ተባልኩ፣ አመጣሁ። ኤዲት ተደርጓል ወይ ብሎ የጠየቀኝ የለም። በሷ ፊት «እኔ ነኝ ያቃናሁት» ብል ምን ትላለች? ደግሞስ የኔ ትንሽ ማስዋብ ከሐኪም ዕውቀት ይበልጣል እንዴ? እሱ ተምሮበታል።

በመንገድ ላይ ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ «እንግዲያው ሰነፍ ነኝ ማለት ነው» አለች።

እኔም ዝም አልኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። የኔው ዛሬ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ በ28

ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ። ወረቀቱ ሕመም የለም ስላለ ጥፋት ሆነ። ሦስተኛው ስንብት ነው።

አብራኝ እራት መብላት ትታለች። «ቀደም ብዬ በልቻለሁ» ትላለች። ዛሬ ድንገት ወጥ ቤት ስገባ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ትበላለች። አገጯን በግራ እጇ ደግፋ፣ እያገዘችው፣ ቀስ ብላ ታኝካለች። ስታየኝ ደነገጠች። ጥርሷን አሟት ይሆናል። አልጠየቅኳትም፤ ከኔ ተሸሽጋ የምትበላን ሴት ምን ብዬ እጠይቃታለሁ?

ደብተር ስታርም አንድ ዓይኗን በመዳፏ ትሸፍናለች። አዲስ ልማድ ነው።

ሐሙስ፣ በ30

ትናንት ማታ ተጣላን።

የሒሳብ መምህሩን አነሳሁባት። ፌርማታው ላይ እንዳየኋቸው፣ ለሌላው የሚሳቅ ሳቅ ለኔ ፍርፋሪው እንኳ እንደማይተርፍ ነገርኳት። አፏን ከፈተች። መልስ መስጠት ጀመረች፤ ሦስት አራት ቃል ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከዚያ ድምጿ ወደ አፍንጫዋ ገባ፣ ቃላቱ ተልፈሰፈሱ። የሰከረ ሰው ንግግር ይመስል ነበር። ራሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ቆመች። ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆ አነሳች፤ ትን አላትና በአፍንጫዋ ተመለሰ። ጀርባዋን መታኋት። ለረጅም ጊዜ ሳለች። ትንፋሿ እስኪመለስ እጄን አልለቀቀችውም።

«ጠዋት… እነግርሃለሁ» አለችኝ። ይህችን ለማለት ሁለት ጊዜ ጀመረች።

ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሄዳለች። እንደ ልማዴ ሦስት ሰዓት ላይ ነው የተነሳሁት።

ቅዳሜ፣ አዲሱ ወር በ2

ይህን ቀን በዝርዝር ልጻፈው። ብረሳው ራሴን ይቅር አልልም።

የትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት የመታወቂያ ፎቶዋን «ጀርባው ነጭ ይሁን» ብሎ መልሶታል። ያስቀመጥኩት ባለ ሰማያዊውን ስለሆነ ካልነካሁት ጥሬ ፋይል እንደገና ጀመርኩ። በኮምፒዩተሩ ላይ በግራ በኩል የማታው ፎቶ፣ ዓይኑ የወደቀው፤ በቀኝ በኩል ዓይን የምቆርጥበት የጠዋቱ ፎቶ። አንዲት አሮጊት ገቡ። አጠር ያሉ፣ ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ያስያዙ።

«ለጡረታ ደብተር ጉርድ ፎቶ» አሉኝ። «ስማ ልጄ፣ ሽብሽቤን እንዳትነካብኝ። ሰባ ዓመት የለፋሁበት ነው።»

ሳቅኩ። አነሳኋቸው። ሊያዩት ወደ ኮምፒዩተሩ መጡና የራሳቸውን ፎቶ ትተው የሚስቴ ላይ ቀሩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«እነዚህ እህትማማች ናቸው?»

«አንድ ሰው ናት፣ እማማ። ባለቤቴ ናት።»

«ይሄኛው መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

«ይሄስ?»

«ማታ።»

በርጩማውን ሳቡና ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ። ሠላሳ አምስት ዓመት ነርስ ሆነው እንደሠሩ ነገሩኝና መጠየቅ ጀመሩ። አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያታል ወይ? አንድ ዓይኗን ትሸፍናለች ወይ? ሲመሽ ድምጿ ይለወጣል? ስታኝክ ይደክማታል? ውሃ ትን ይላታል? ስትስቅ ፊቷ የምታሾፍ ያስመስላታል? ስትተኛ ተሽሏት፣ ስትሠራ ይብስባታል?

ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን አውቀው ነበር። ሁሉንም አይቻለሁ፣ በዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ሌላ ስም ሰጥቼው ነበር እንጂ።

«የወደቀ ዓይን ሁሉ ይሄ በሽታ ነው አልልህም» አሉ። «እርጅና ይጥለዋል፣ ስኳር ይጥለዋል፣ አብሮ የሚወለድም አለ። ጠዋት ተነስቶ ማታ የሚወድቅ ከሆነ ግን ከነርቭና ከጡንቻ መሆኑን ጠርጥር። ነርቩ ያዛል፣ ትእዛዙ ጡንቻው ጋ በደንብ አይደርስም። ጡንቻው በተሠራበት ቁጥር ይዝላል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ዓይን ነው። እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ የሚያረጋግጥልህ ሐኪም ነው። መድኃኒት አለው። ግን መዋጥ ማስቸገር ከጀመረ፣ ቀጥሎ ትንፋሽ ሊሆን ይችላል። አትቀመጥ። ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ሆስፒታል ውሰዳት።»

«ሐኪም አይቷት ነበር» አልኩ። «ምንም የለም አለ።»

«ይሄን ፎቶ አይቶ?»

እጄ ማውዙ ላይ ነበር፤ የጠዋቱ ዓይን ግማሽ ተቆርጦ ማታው ላይ ሊለጠፍ ተዘጋጅቷል። አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አሃ» አሉ። ከበርጩማው ተነሱ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው «የምትነግራትን ጠዋት ንገራት። ማታ ልትመልስልህ አትችልም» አሉኝ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ተረቱ። የሰው በሽታ ስለደበቀውስ ምን ይላል?

እሁድ፣ በ3

ከጎህ በፊት ተነሳሁ። ዓይኗን ስትገልጥ እዚያው ነበርኩ። ደነገጠች፤ «ምን ሆነሃል? ማን ሞተ?» አለች። በዚህ ሰዓት ነቅቼ አይታኝ አታውቅም።

ሁሉንም ነገርኳት። የነርሷን ጥያቄ፣ አልበሙን፣ ክሊኒክ ውስጥ ዝም ያልኩትን። ኮምፒዩተሩን ይዤ መጥቼ ስለነበር ጥሬዎቹን አሳየኋት። የሁለት ዓመት ፎቶዋን አንድ በአንድ አየች። አላለቀሰችም። ባለቀሰች እመርጥ ነበር።

«ስንት ዓመት ስታቃናኝ ኖርክ?» አለች።

«ሁለት።»

«እኔ እብደት መስሎኝ ነበር እኮ። በመስታወት ሳይ ወድቋል፣ በፎቶህ ሳይ ቀጥ ብሏል። የባሌ ካሜራ አይዋሽም፣ የምዋሽ እኔ ነኝ እያልኩ ቪታሚን ስውጥ ሰነበትኩ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ቆይ። አሁን ልናገር፤ አሁን ድምፅ አለኝ።» ትራሷን አስተካከለች። «ናፈቅሽኝ አልከኝ አሁን። አንተ የናፈቀችህ መስታወትህ ውስጥ ያለችው ናት። እሷን የሠራሃት ራስህ ነህ። እኔ ማታ ማታ እዚህ አጠገብህ ነበርኩ። ዓይኔን መክፈት አቃተኝ እንጂ ላይህ እፈልግ ነበር። ስታወራ መሳቅ እፈልግ ነበር። ፊቴ እሺ አላለኝም።»

ከዚያ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። የሒሳብ መምህሩን ነገር አላነሳችውም፤ እኔም ከዚያ ሁሉ በኋላ የምጠይቅበት ፊት አልነበረኝም።

ሰኞ፣ በ4

ክሊኒክ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት። ሆን ብለን ከሰዓት ያዝነው። እንድትደክም ቀኑን ሙሉ አስተማረች፣ ጮክ ብላም አነበበች።

ፎቶዎቹን በሰዓታቸው ደርድሬ ነበር። ካሜራ ያነሳበትን ሰዓት ይመዘግባል፤ እኔ ፊቱን ስለውጥ ሰዓቱን አልነካሁም። በአንድ ረድፍ የጠዋት፣ በሌላ ረድፍ የማታ፣ ሁለት ዓመት። ማንም ሳይናገር ይታያል። ከሁለት ዓመት በፊት የማታው ዓይን ትንሽ ነው ያነሰው፤ እየመጣ እየመጣ ይወርዳል።

«አልበሙን ያቃናሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር» አልኩት። «ባለፈው ይህን ልነግርዎት ይገባ ነበር።»

«አዎ፣ ይገባህ ነበር» አለ። ቀጥሎም «እኔም በጠዋት አይቼ ማታ እንዴት ናት አላልኩም» አለ።

ወደ ላይ እንድታይ አደረጋት፣ ሳትጨፍን። ሰከንዶቹን ቆጠርኩ። የግራው ቆብ ቀስ እያለ፣ መጋረጃ እንደሚወርድ ወረደ። ከዚያ በረዶ በጓንት ጠቅልሎ በተከደነው ዓይን ላይ ሁለት ደቂቃ አስያዛት። ውሃው በጉንጯ ወረደ። አነሳው።

ዓይኗ ተከፈተ።

ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። ከቀኑ አስር ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሙሉ ቀን ሥራ በኋላ፣ ሚስቴ አየችኝ። ጉንጯ በበረዶ ውሃ ርሷል። ከአራት አምስት ደቂቃ በኋላ ተመልሶ ወደቀ። በዚያ አራት አምስት ደቂቃ ውስጥ ሐኪሙ ምን እንዳለ አላስታውስም።

ማያስቴኒያ የሚባል በሽታ ሊሆን ይችላል ይላል፤ በቅዝቃዜ ለጥቂት ጊዜ የሚነሳ ቆብ አንዱ ምልክቱ ነው። ደም፣ የነርቭ ምርመራ፣ የደረት ምስል ያስፈልጋል። ለትምህርት ቤቱ ሌላ ወረቀት ጻፈ።

ሐሙስ፣ በ7

ምርመራው ያለው ትልቁ ከተማ ነው፣ የስድስት ሰዓት መንገድ። ደረስን። መዋጥ እንደሚያስቸግራት ሲሰሙ አስተኟት። የሴቶች ክፍል ነውና ወንድ አስታማሚ አያድርም፤ ታናሽ እህቷ አጠገቧ አለች። ፎቅ ስር ቆሜ መስኮቷን ገመትኩ።

እሁድ፣ በ10

ተመለስኩ። ያነሳኋቸውን መቶ ሃያ ተማሪዎች ፎቶ ማስረከብ ነበረብኝ። ቤቱ ሰፍቷል። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የምትበላበት ቦታ ላይ ቆሜ እራቴን በላሁ።

ረቡዕ፣ በ13

ያው በሽታው ነው። ተረጋገጠ። ስም ያለው ነገር ከሌለው ይሻላል አለች እህቷ። ክኒን ተጀመረላት።

ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምንደዋወለው። ከአስራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ስልኩን ይዤ እቀመጣለሁ። ዛሬ ስምንት ደቂቃ አወራችኝ። ስለ ጎረቤት አልጋ ሴትዮ ኩርፊያ ነገረችኝ። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ያዝኩት።

ስንት ጠዋት ተኝቼ አሳለፍኩ? ሁለት ዓመት ሙሉ።

ማክሰኞ፣ በ19

የሒሳብ መምህሩ ስቱዲዮ መጣ። በሩ ላይ ሳየው ደሜ ወደ ፊቴ መጣ። ልጆቹ ለእሷ የሳሉትን ሥዕል በጥቅል ይዞ ነው የመጣው። አንዱ ሥዕል ላይ ዓይኖቿ ከፊቷ ይበልጣሉ።

«እንዴት ሆነች?» አለኝ። ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። «ከሰዓት በኋላ የሷን ክፍል ንባብ እኔ እይዝላት ነበር። ለማንም አትናገር ብላኝ ነው።» ሊወጣ ሲል ቆመና ሳቅ አለ። «ያ በፍላሽ የሚያስነጥሰው ሰውዬ ተመልሶ መጣ እንዴ?»

«የቱ?»

«አስራ አንድ ጊዜ ያነሱት! ጠዋት ጠዋት ፌርማታው ላይ የርስዎን ደንበኞች ነው የምታወራን። ማታ የነገሯትን ጠዋት ትነግረናለች። እሱን ስታስመስለው፣ ሆዴን ይዤ ስስቅ አውቶቡስ አምልጦኛል። ሁሌም ስትጨርስ ‹እሱ ግን የሳቅኩ አይመስለውም› ትላለች።»

ወንበር ሰጠሁት። ውሃ አቀረብኩለት። ሌላ ምን እንደምሰጠው አላወቅኩም።

ስቄያለሁ እኮ ብላኝ ነበር።

እሁድ፣ በ24

ትናንት መጣች። ከስታ፣ ክኒኗን በትንሽ ሳጥን ይዛ። በየአራት ሰዓቱ ነው የምትውጠው። አልዳነችም፤ ማታ አሁንም የግራው ይወርዳል። ውሃ ግን ትን አላላትም። ትምህርት ቤቱ የጠዋቱን ክፍል ብቻ ሰጥቷታል፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ።

ከመምጣቷ በፊት የመስታወቷን ሴት አወረድኳት። ቦታው ባዶ ሆነና አንድ ወረቀት ለጠፍኩበት፤ «ስቱዲዮው ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ይከፈታል።» ፀጉር አስተካካዩ አነበበና «ድሮስ መቼ ከዚያ በፊት ከፍተህ ታውቃለህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ልዩነቱን ለሱ ማስረዳት አልቻልኩም።

ሰኞ፣ በ25

ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ይህን ደብተር ጠዋት ስጽፍበት የመጀመሪያዬ ነው። አጠገቤ ተኝታለች። ትናንት ስለመጡት መንትዮች ልነግራት አስቤያለሁ፤ አንዱ ብቻ ተነስቶ «ለሁለታችንም ይበቃል» ያሉት። ማታ ልነግራት ነበር፣ አስቀመጥኩላት።

ነቃች። ሁለቱም ዓይኖቿ ተገልጠዋል።

«ምንድነው የምትጽፈው?» ትለኛለች።